የባለጸጋ ልጅና የትምህርት ገበታ

(በሳሪስ በተደረገው የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የተነበበ)



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች «የባለዝናና የባለጸጋ ልጆች በትምህርት ገበታ ላይ መቆየት ያስፈልጋቸዋልን?» በሚል ርዕስ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ጥያቄው ለመምህራን ወይም ለወላጆች እንጂ ለመሐንዲስ የሚቀርብ አይደለም የሚል ነበር። ስለ አርማታና ስለ ፌሮ ተናገር ብባል ኖሮ በቀለለኝ። ሆኖም ነገሩን ቆም ብዬ ሳስበው፣ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ጥቂት ነገር ያወቅሁት ከአርማታ ሥራ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ከአርማታ እምብዛም እንደማልርቅ አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አባቱ ወይም እናቱ በሩጫ፣ በዜማ፣ በፊልም ወይም በንግድ ስም ያተረፉ፣ የዕለት እንጀራም ሆነ የነገ መጠለያ የማያሳስበው የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት «ትምህርቱ በቃኝ» ቢል ምን ይጎድልበታል? ይህን የሚሉ ልጆች በከተማችን ጥቂት አይደሉም፤ «ይሁንልህ» የሚሉ ወላጆችም እንዲሁ።

ጥያቄውን በንቀት ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ምክንያቱም አብዛኞቻችን ወደ ትምህርት ቤት የተላክነው «ተማርና ራስህን ቻል፤ እኛንም ጡር» ተብለን ነው። እናቶቻችን ጉልት ተቀምጠው፣ አባቶቻችን በፋብሪካ ዘበኝነት አድረው ደብተር የገዙልን ትምህርት እንጀራ ይሆናል ብለው ነው፤ ሆነም። እንግዲህ ትምህርት የእንጀራ መንገድ ብቻ ከሆነ፣ እንጀራው በቤቱ ሞልቶ የተረፈው ልጅ በዚያ መንገድ የሚደክምበት ምክንያት የለም። ክርክሩ ከመነሻው ተነሥቶ በቀጥታ የሚሄድ ነው። ስሕተቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። ይህንንም በደረሰብኝ ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር የከተማው ቀላል ባቡር ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል እስከ ቃሊቲ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር፣ በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ቦታ የነበራቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ላይ መገንባት ጀመሩ። ቀድሞ የመጋዘን አጥርና የብየዳ ሥራ ቤት ብቻ በነበረበት ላይ ፎቅ ተተከለ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጥቂት ዓመት የሆነኝ ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ሳሪስ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተቀጠርሁ። የሕንፃው ባለቤት አገር የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ስሙን ግን አላነሣም። ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ስለሚቆይ ሥራውን በኃላፊነት የሰጠው ለልጁ ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠው በዚያው ዓመት ነው።

ስለዚህ ልጅ መጥፎ ነገር ለመናገር አልተነሣሁም። ብሩህ ነበር። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀው ነበር። ቸርም ነበር፤ የሠራተኛው ምሳ ባነሰ ጊዜ ከኪሱ ያስጨምራል። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ተቃውሞት አያውቅም። ልጆቹን ድሮ የዳረ፣ ጠጉሩ የሸበተ ፎርማን ይህን የ17 ዓመት ልጅ «ጋሼ» ብሎ ነበር የሚጠራው። የሚናገረው ቀልድ ሁሉ ያስቃል፤ የሚያዘው ነገር ሁሉ ይደረጋል። እኔም ብሆን ከዚያ ደንብ ውጭ አልነበርሁም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ ከተሞላ በስምንተኛው ቀን፣ ልጁ የበረንዳው ድጋፍ አጣና እንዲነሣ አዘዘ። አጣናው ለሚቀጥለው ፎቅ ይፈለግ ነበርና ሌላ ከመግዛት ይኸኛውን ማዞር ወጪ እንደሚቆጥብ በትክክል አስልቷል። እናንተ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት፣ አርማታ በሰባተኛው ቀን የሚደርስበት ጥንካሬ በ28ኛው ቀን ከሚጠበቅበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው፤ ይኸውም ውሃው በልክ ከሆነና ውሃ የማጠጣቱ ሥራ ካልተጓደለ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ተደግፎ መቆየት አለበት። ልጁ ግን ሶሌታውን በጫማው እየመታ፣ «ይኸው ድንጋይ ሆኗል» አለኝ። ፎርማኑ እኔን አየኝ። እኔም «ጥቂት ቀን ቢቆይ ይሻል ነበር» አልሁ። ከዚህ የበለጠ አልተናገርሁም። ቅዳሜ ስለ ነበር በስድስት ሰዓት ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ አጣናው ተነሣ። በረንዳው በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ወረደ። ከሥሩ አጣና ይለቅም የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ጭኑ ተሰበረ። ከገጠር ለሥራ የመጣ፣ ዕድሜው ከባለቤቱ ልጅ የማይበልጥ ወጣት ነበር። የሕክምናው ወጪ ሁሉ ተከፈለለት፤ ካሣም ተሰጠው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ያነክሳል። «ሀብታም በከብቱ፣ ድሃ በጉልበቱ» ይባላል። የዚያ ልጅ ሀብት ጉልበቱ ነበር፤ እርሱንም በዚያ ቀን አጣ።

ሰኞ ዕለት የባለቤቱ ልጅ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ መጣና «ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። እኔም በመከላከል ስሜት «ነግሬሃለሁ» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ኢንጂነር፣ አልነገሩኝም፤ ለመኑኝ እንጂ» ሲል መለሰልኝ።

ይህ ቃል እነሆ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሙያ ረገድ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሙያ ፈቃዱ ያለኝ እኔ፣ ቁጥሩን የማውቀው እኔ፣ ጥዬ የሄድሁትም እኔ ነኝ። ይህን በባለቤቱ ልጅ ላይ ላላክክ አልችልም። ነገር ግን ከጥፋቴ ባሻገር አንድ ነገር ተረዳሁ። ያ ልጅ በተመላለሰበት ስፍራ ሁሉ፣ በቤቱ፣ በመኪናው፣ በሆቴሉና በሥራው ቦታ፣ ሰው የሚለምነው እንጂ የሚነግረው አልነበረም። ሳያውቀው «ስሕተት ነው» የሚለውን ቃል ከሚሰማበት ብቸኛ ስፍራ በገዛ እጁ ወጥቶ ነበር። ያም ስፍራ የትምህርት ገበታ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። የድሃ ልጅ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ከሱቁም፣ ከጎዳናውም፣ ከቀጣሪውም በየቀኑ ይማረዋል፤ ለእርሱ ትምህርት ቤት የሚጨምርለት ዕውቀትንና ተስፋን ነው። የባለዝናው ልጅ ግን ያን ቃል የሚያገኝበት ሌላ ደጅ የለውም። በሒሳብ ፈተና ላይ የአባት ስም የሚጻፈው ለመለያ እንጂ ለነጥብ አይደለም። የአንድ ሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ድምር በማንም ቤት 180 ነው። ለስም ብሎ ነጥብ የሚጨምር ትምህርት ቤት ቢኖር፣ ከሸጠው ነጥብ ይልቅ ለልጁ የነፈገው እርማት ይበልጣል። በተጨማሪም የዚህ ልጅ አለማወቅ በእርሱ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ሌላው ወጣት ሲሳሳት ዋጋውን በአብዛኛው ራሱ ይከፍላል። ገና በ17 ዓመቱ ሰው የሚያዝዝ ልጅ ሲሳሳት ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከሌላው ያነሰ ሳይሆን ከሌላው የበለጠ መማር አለበት እላለሁ።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቀድሞውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት እናስታውስ። የቆሎ ተማሪ ለመሆን የወጣ ልጅ፣ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን፣ ከአባቱ ግቢ ርቆ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየለመነ ይማር ነበር። ያን ሁሉ ችግር ዛሬ መልሰን እናምጣው አልልም፤ ብዙ ልጅ በረኀብና በበሽታ የቀረበት መንገድ ነው። ነገር ግን ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ የማን ልጅ መሆኑ አይጠየቅም ነበር። የሚጠየቀው ያጠናውን ቀለም ነው። አባቶቻችን ልጅን ከስሙ ነጥለው ማስተማር እንደሚገባ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በዘመናዊ ታሪካችንም ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. የተወለዱ የንጉሥ ልጅ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዛሬ የምንነጋገርባቸውን ልጆች ያህል ነበር። በስደት ላይ የገንዘብ ችግር ቢኖርም ስማቸው ግን በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የታወቀ ነበር፤ በዚያ ስም ብቻ ከግብዣ ወደ ግብዣ እየተዘዋወሩ መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ገቡ፤ በ1931 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ትምህርታቸውን ፈጽመው የሕፃናት ነርስ ሆኑ።

የነርስ ተማሪ ሥራ ምን እንደ ሆነ በመካከላችን የሚያውቅ አይጠፋም። አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሊት መቆም፣ የታመመ ሕፃን ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአለቃን እርማት በትዕግሥት መቀበል ነው። የሙቀት መለኪያው የማንን ዘር አይቶ አይወጣም፤ አይወርድም። ልዕልቲቱ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በለቀምት ከተማ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ፤ 23 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። በስማቸው የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። ስለ ዘውዱ ሥርዓት ያለን አስተያየት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የማንም ልጅ ሳይባሉ ለመማር የፈቀዱ ወጣት እንደ ነበሩ መመስከር ተገቢ ነው።

«ተሰጥዖስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ልጁ ለዜማ ወይም ለሥዕል ተፈጥሮ እንደሆነ በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ማሰሩ ምን ይጠቅማል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ መሐንዲሶች በዚህ ረገድ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አጥተናል፤ በማጣታችንም አገር ተጠቅማለች። አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ገና በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም ከጅማ ተነሥቶ በጉርምስናው ወደ ዌልስ ሲሄድ ቤተሰቡ ያሰቡለት የአውሮፕላን ምሕንድስና ነበር። ሁለቱም ምሕንድስናን ተዉ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ትምህርትን አልተዉም። አፈወርቅ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ገብቶ እስከ ስሌድ ድረስ ዘለቀ። ሙላቱም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን በበርክሊ ተማረ። የለወጡት ክፍሉን ነው፤ አራሚ መምህር ካለበት ቤት ግን አልወጡም። ስለዚህ «ልጄ ተሰጥዖ አለው» ለሚል ወላጅ መልሱ «እንግዲያውስ ተሰጥዖውን የሚያርምለት መምህር ፈልግለት» የሚል ነው።

ስለ ሯጮቻችንም አንድ ቃል ልናገር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ፣ ያንኑ ያህል ይመለስ እንደ ነበር ሁላችንም ሰምተናል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ መሮጡን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ይህም በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከመሮጡ የቀረ ልማድ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። እግሩን ያጠነከረው የትምህርት ቤቱ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ በንግድና በግንባታ ሥራ ብዙ ሰው ለማስተዳደር የበቃውም ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ በእግር ወደ ትምህርት ቤት የሮጠ ትውልድ ያፈራው ሀብት፣ በመኪና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ትውልድ ከትምህርት የሚያስወጣ ከሆነ ነገሩ እጅግ ያሳዝናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ገና አልተነሣም። እርሱም «የምትሉት ትምህርት ቤት ራሱ የት አለ?» የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሳሪስ ላይ ያነሣሁላችሁ ልጅም «ለምን አቋረጥህ?» ብዬ በጠየቅሁት ጊዜ «መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውን እየገለበጥሁ ዓመት ዓመት ላይ መጨመር ሰለቸኝ» ብሎኛል። ውሸት አልነበረም። ይሁን እንጂ የተሰነጠቀን ቤት መጠገን እንጂ ጥሎ መውጣት የመሐንዲስ ምክር አይደለም። ይልቁንም ስም ያላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሲያስወጡ፣ ትምህርት ቤቱ ይሻሻል ብለው ሊጮኹና ሊደመጡ የሚችሉት ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ለቀሩት የድሃ ልጆች ተሟጋች አይኖርም።

«በትምህርት ላይ መቆየት» ሲባል ደግሞ የግድ በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወጣቶች እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ እንዲቆዩ ሕጉ ያዝዛል፤ ሕጉም የባለጸጋን ልጅ ለይቶ ነጻ አያወጣም። ነገር ግን ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሌላ በሥራ ላይ ሆኖ ሙያ የመማርን መንገድም ይፈቅዳል። እኛም አገር የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች አሉ። የባለጸጋ ልጅ ወደዚያ መግባት ውርደት የሚመስለው፣ በእጅ መሥራትን እንደ ነውር የምንቆጥርበት የቆየ በሽታችን ስላልለቀቀን ነው።

ያ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከአደጋው በኋላ በነበረው ዓመት አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ አንድ የንድፍ ወረቀት ዘረጋልኝ። ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ተሰርዟል፤ በግርጌውም «እንደገና ይሠራ» የሚል ተጽፎበታል። እየሳቀ ነበር የሚያሳየኝ። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አልገፋበትም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ንግድ ዞረ። ነገር ግን ዛሬም ሕንፃ ሲያሠራ አጣና ከማንሣቱ በፊት ደውሎ ይጠይቃል፤ «አይሆንም» ብለው ይቀበላል። ይህ ለሥሩ ለሚሠሩ ሰዎች ትንሽ ነገር አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ወላጆችን ብቻ መክሬ ብቀመጥ ፍትሐዊ አይሆንም፤ እኛም የምንሠራው አለን። በመጀመሪያ፣ በሥራ ቦታችን የማንም ልጅ ቢሆን የሙያ ውሳኔ ላይ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ መልሳችንን በጽሑፍና በግልጽ ቃል እንስጥ። «ቢቆይ ይሻል ነበር» የሚለውን አነጋገር ከሥራ ቋንቋችን እናውጣ፤ እኔ የአንድ ወጣት እግር በእርሱ ምክንያት ሲሰበር አይቻለሁ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሀብትና ስም ያላቸው ደንበኞቻችን ልጆቻቸውን በክረምት ወራት በልምምድ እንዲያስገቡልን እንጠይቅ። ሲገቡም ከሌላው ተለማማጅ ጋር እኩል ሲሚንቶ ይሸከሙ፤ እኩል ይታረሙ። በሦስተኛ ደረጃ፣ በዚህ በሳሪስ፣ በአቃቂና በቃሊቲ ያላችሁ አባላት በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤቶች በወር አንድ ቀን እንኳ ሒሳብ ከሥራ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ብታስረዱ፣ ሰሌዳ መገልበጥ የሰለቸው ልጅ ምናልባት አንድ ዓመት ይጨምር ይሆናል።

የባለጸጋው ልጅ በእንጀራ በኩል ከእኛ ምንም አይፈልግም። እኛና መምህራኑ ልንሰጠው የምንችለው፣ ሌላው ሰው የሚነፍገውን እውነተኛ እርማት ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት እኔ እርሱን ነፍጌዋለሁ። እናንተ ግን እንዳትነፍጉ አደራ እላለሁ።